ዘንድሮ ጠንካራ መጻሕፍት ማንበብ ካሰባችሁ በቁጥር አትጀምሩ

መስከረም በጠባ ቁጥር ፌስቡክ ላይ የማይቀር ነገር አለ። አንዱ «ዘንድሮ 50 መጽሐፍ አነባለሁ» ይላል። ሌላው ይመጣና «እኔ 100» ብሎ ይጨምራል። ጥሩ ነው፣ ማንንም ከማንበብ አንከልክል። ግን ቁጥር አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ኅዳር ላይ ወደ ኋላ መቅረታችሁን ስታዩ እጃችሁ ሳታዙት ወደ ቀጫጭኑ መጽሐፍ ይሄዳል። ወፍራሙ፣ ከበድ ያለው፣ «አንድ ቀን አነበዋለሁ» ተብሎ ከተገዛ ጀምሮ አቧራ ሲጠጣ የኖረው መጽሐፍ እዚያው መደርደሪያው ላይ ይከርማል። ጳጉሜ ላይ ቁጥሩ ሞልቶ ይገኛል፣ መጽሐፉ ግን ዛሬም አልተገለጠም።

ስለዚህ ቁጥሩን ተዉትና ስም ጻፉ። ስድስት ወይም ሰባት መጻሕፍት፣ በየስማቸው። ከዚያ በቀን ስንት ገጽ እንደምታነቡ ወስኑ። ዕቅዱ ይኸው ነው። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ሰው የሚሰናከለው ግን ዝርዝሩ ላይ ስለሆነ እሱን እናውራ።

ሒሳቡ

በቀን 10 ገጽ በሉ። ለአብዛኛው ሰው ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በዓመት 3,650 ገጽ ይመጣል። አሁን እውነቱን እናውራ፣ በየቀኑ አታነቡም። ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ሥራ ይበዛል፣ ስንፍናም ይመጣል። እሺ፣ የዓመቱን ግማሽ እንዳለ ጣሉት። 1,800 ገጽ ይቀራችኋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ ትንሽ ያልፋል። ማለት ግማሹን ዓመት አባክናችሁም እሱን የሚያህሉ ሦስት መጻሕፍት ትጨርሳላችሁ። ብዙ ሰው «ጊዜ የለኝም» የሚለው ይህን ደምሮ ስለማያየው ይመስለኛል። ስልካችሁ ላይ ገብታችሁ በቀን ስንት ሰዓት ቲክቶክ ላይ እንደምትቆዩ እዩ። አልፈርድም፣ እዩት ብቻ።

ሰዓቱንም አስቀድማችሁ ቁረጡ። «ሲመቸኝ» የሚባል ሰዓት የለም። ከቁርስ በፊት፣ ቢሮ ቀድማችሁ ደርሳችሁ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ የትኛውም ይሁን፣ አንድ ይሁን። ማታ አልጋ ላይ የሚለውን ግን ለቀላል መጽሐፍ ተዉት። ከባድ መጽሐፍ አልጋ ላይ ሦስት ገጽ አያስኬድም፣ እንቅልፍ ይቀድማችኋል፣ በማግስቱ ያንኑ ገጽ እንደገና ትጀምራላችሁ። የታክሲ ሰልፍ ጥሩ ቦታ ነው። ታክሲው ውስጥ ግን እንደ መንገዱና እንደ ረዳቱ ጩኸት ነው።

ምን ይግባ ዝርዝሩ ውስጥ?

እኔ አንድ ቀላል መመዘኛ አለኝ። መጽሐፉ ከታተመ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኖት አሁንም ሰው የሚከራከርበት ከሆነ ይግባ። አዳዲስ መጻሕፍት ደካማ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ለእነሱ ለብቻ ቦታ አላቸው፣ ሳታቅዱም ታነቧቸዋላችሁ። አዟሪዎቹ «ሳይኮሎጂ» እያሉ የሚሸጧቸውን፣ በ30 ቀን ሀብታም የሚያደርጉትን ግን በዚህ ዝርዝር አትቁጠሩ። አንብቡ ከፈለጋችሁ፣ ግን በሌላ ሒሳብ።

ሁለተኛው ነገር ማዘበራረቅ ነው። ስድስቱም ልብ ወለድ አይሁን፣ ስድስቱም ታሪክ አይሁን። አንድ ትልቅ ልብ ወለድ፣ አንድ የግጥም መድበል፣ አንድ የታሪክ ወይም የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ፣ አንድ የሐሳብ መጽሐፍ፣ አንድ ትርጉም፣ አንድ ደግሞ በእውነት የምትፈሩት። የምትፈሩት አንድ ብቻ ይሁን። ሁለት ካደረጋችሁት የካቲት ላይ ሁሉንም ትተዋላችሁ።

እኔ ለአንድ ጀማሪ ዓመቱን ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ባወጣለት እንዲህ አደርገው ነበር።

መስከረም ላይ አጭር ነገር። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ለዚህ ይመቻል። ብዙዎች «ጦቢያ» ብለው ነው የሚያውቁት። በ1900 ዓ.ም. ሮም ታትሞ የወጣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። መንትዮቹ ዋሕድና ጦቢያ ናቸው ባለታሪኮቹ፣ ልጅቷ እንደ ወንድ ለብሳ መንገድ ትወጣለች። አማርኛው ዛሬ ከምንናገረው ስለሚርቅ መጀመሪያ ይጎረብጣል። ግን ቀጭን ናት። ከሁለት ሳምንት በኋላ «አንድ ጨርሻለሁ» ማለት ለቀሪው ዓመት የሚሰጠውን ጉልበት አትናቁት።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ «ፍቅር እስከ መቃብር»። እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም በአማርኛ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ሰው ያላነበበውን ያነበበ የሚመስለው በዚህ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ተተርኮ አገር ምድሩ ሰምቶታል። ስለዚህ ታሪኩን እናውቀዋለን፤ በዛብህን፣ ሰብለ ወንጌልን፣ ጉዱ ካሣን፣ ፊታውራሪ መሸሻን። መጽሐፉን ይዛችሁ ስትቀመጡ ግን ፍቅሩ ቶሎ አይመጣም። መጀመሪያ የምታገኙት የበዛብህን ወላጆች፣ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን፣ የማንኩሳን ኑሮ ነው። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚያቆመው። አትቁሙ። ያ ክፍል የመጽሐፉ መግቢያ ብቻ አይደለም፤ በኋላ በልጁ ላይ የሚወርደው ነገር ሁሉ ከየት እንደመጣ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ደግሞም ውድነሽና ቦጋለ እንዴት እንደተጋቡ የሚተረክበት ቦታ በራሱ ያስቃል። የፍቅር ታሪክ ብቻ ፈልጋችሁ አትግቡ። ስለ መሬት፣ ስለ ዘር ቆጠራ፣ ስለ ግብር ነው መጽሐፉ፤ ጉዱ ካሣ ሲናገር ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የወጋየሁን ትረካ ማዳመጥ ከፈለጋችሁ ምዕራፉን ካነበባችሁ በኋላ ይሁን። ቀድማችሁ ከሰማችሁ የራሳችሁን ጉዱ ካሣ ማግኘት አትችሉም፣ የወጋየሁ ድምፅ ጭንቅላታችሁን ይወርሰዋል።

ጥር የበዓልና የሠርግ ወር ነው፤ ትልቅ መጽሐፍ አታስገቡበት። ግጥም ይሁን። የጸጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ» በ1966 ዓ.ም. የታተመ ነው። በቀን አንድ ግጥም፣ ድምፅ አውጥቶ፣ ሁለት ጊዜ። የጸጋዬ መስመር ረዥም ነው፣ ዓይን ብቻውን አይዘልቀውም፣ አፍ ያስፈልገዋል። ሰው ቤት ውስጥ ካለ መታጠቢያ ቤት ግቡ።

የካቲትና መጋቢት ለሐሳብ መጽሐፍ። የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ደራሲው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመ ነው። ስለ ምጣኔ ሀብት ነው፤ አንድ አገር ለምን ይደኸያል፣ ንግድ ሁለት ወገኖችን እኩል የማይጠቅመው መቼ ነው እያለ ይሄዳል። መቶ ዓመት ያለፈው መሆኑን እየረሳችሁ «ይሄ ሰው ስለ ዛሬ ነው እንዴ የሚያወራው?» የምትሉባቸው ገጾች አሉት። ግን አትሩጡበት፣ ለዚህ መጽሐፍ በቀን 5 ገጽ ይበቃል።

ከፋሲካ በኋላ ሰው ይደክመዋል፤ የሚያስሮጥ መጽሐፍ ስጡት። «ኦሮማይ»። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. አሳተመው፣ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ በዓሉ ራሱ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። አስመራ፣ የቀይ ኮከብ ዘመቻ፣ ስለላ፣ ፍቅር። ጀምራችሁ በቀን 10 ገጽ ላይ ማቆም ካቃታችሁ አትቁሙ፣ ሕጉ ለእናንተ ነው የተሠራው። ከዚህ መጽሐፍ ጋር አንድ ነገር ልምከር። የታሪኩን ጀርባ የምታውቁ ከሆነ እያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ «ይሄ እገሌ ነው» እያላችሁ አትፈልጉ። መጀመሪያ እንደ ልብ ወለድ ጨርሱት፣ ሐሜቱ በኋላ ይደርሳል።

ክረምቱን ደግሞ ለምትፈሩት አስቀምጡት። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ዓመቱም ረጋ ይላል። የብዙ ሰው ፍርሃት «አደፍርስ» ነው። የዳኛቸው ወርቁ መጽሐፍ ነው፣ 1962 ዓ.ም.፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለአገልግሎት ወደ ሸዋ ገጠር ሄዶ ከባላገሩ ጋር ሲከራከር ይከርማል። ፍርሃቱ ታሪኩን አይደለም፣ አማርኛውን ነው። እሱን እንዴት እንደምትይዙት ከታች እነግራችኋለሁ። ታሪክ የሚስባችሁ ከሆናችሁ በምትኩ የባሕሩ ዘውዴን «የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1966» ወይም የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን «ኦቶባዮግራፊ» ውሰዱ። ተክለ ሐዋርያት በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የተማሩ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በጄኔቭ የኢትዮጵያን ጉዳይ ይዘው የቆሙ ሰው ናቸው፤ ስለ ራሳቸውም ሆነ ስለ ሌላው ሲጽፉ ምላሳቸውን አይሰበስቡም። እኔ ብሆን ይህንን ነው የምመርጠው።

ትርጉሙን ረሳሁት። ከውጭ ሥራ አንድ ማስገባት ከፈለጋችሁ «ነገም ሌላ ቀን ነው» አለ፣ የማርጋሬት ሚቼል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» በአማርኛ፤ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ በሲጋራ ወረቀቶች ላይ የተረጎመው ነው። ወፍራም ስለሆነ ካስገባችሁት ሌላ አንድ አስወጡ። «ይህንንም፣ ያንንም» ካላችሁ ዝርዝሩ ምኞት ይሆናል።

ይህ ዝርዝር የእኔ ነው፤ እንዳለ አትገልብጡት። አቀማመጡን ግን ውሰዱ። አጭር ይቅደም፣ ወፍራሙ ገና ጉልበት ባለበት ይግባ፣ በበዓል ወር ቀለል ያለ፣ ከባዱ ጸጥ ባለ ወር። ረመዳን የምትጾሙ ከሆነ ዘንድሮ የትኛው ወር ላይ እንደሚውል አስቀድማችሁ እዩና ያን ወር ከዕቅዱ ነፃ አድርጉት። ዐቢይ ጾም ደግሞ በተቃራኒው ለብዙ ሰው ጥሩ የንባብ ወቅት ነው፤ መዝናኛው ይቀንሳል፣ ምሽቱ ይረዝማል።

ከባዱን መጽሐፍ እንዴት?

የማታውቁት ቃል በመጣ ቁጥር አትቁሙ። ትልቁ ስህተት እሱ ነው። በእርሳስ ከስሩ አስምራችሁ እለፉ። ምዕራፉ ሲያልቅ ተመለሱና ካሰመራችሁት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ የተደጋገመውን ብቻ ፈልጉ። ሌላው ከዐረፍተ ነገሩ ራሱ ገብቷችኋል። ለመፈለጊያ የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ወደር የለውም፣ ሶፍት ኮፒውም እንደ ልብ ይገኛል። ግን የገጠሩን አማርኛ ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቁት አያቶቻችሁ ናቸው። ለአያታችሁ ደውላችሁ «እማዬ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» በሏቸው። ቃሉንም ይነግሯችኋል፣ ከቃሉ ጋር የግማሽ ሰዓት ወግም ይመርቁላችኋል።

የገጸ ባሕርያት ስም የሚበዛበት መጽሐፍ ከሆነ የመጀመሪያው ነጭ ገጽ ላይ እየጻፋችሁ ሂዱ፤ ማን የማን ልጅ፣ ማን የማን ጠላት። የሩሲያ ልብ ወለድ ካነበባችሁ ይህን ሳታደርጉ አትሞክሩት፤ አንዱ ሰው በሦስት ስም ይጠራል።

ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩን አትርሱ። በተለይ ውጭ አገር ለምትኖሩ። የአማርኛ መጽሐፍ 1966 ሲል በፈረንጆቹ 1973 ወይም 1974 ማለቱ ነው፤ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጋር እያነጻጸራችሁ የምታነቡ ከሆነ ይህ ልዩነት ታሪኩን ሁሉ ያምታታባችኋል። በነገራችን ላይ ለረዥም ጊዜ በአማርኛ ሳታነቡ የቆያችሁ ከሆነ ፍጥነታችሁ መውረዱ አይቀርም። አትደንግጡ፣ በ5 ገጽ ጀምሩ፣ ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ በኋላ ዓይናችሁ ይመለሳል።

መቼ ይተው? እኔ ለክላሲክ መጽሐፍ 80 ገጽ እሰጠዋለሁ። ከዚያ በኋላም አልገባ ካለ ያለ ጸጸት አስቀምጡትና የሚቀጥለውን ጀምሩ። ግን «አይጥመኝም» እና «ይከብደኛል» አንድ አይደሉም። የከበዳችሁን አትተዉ፣ ገጹን ቀንሱለት።

የመጽሐፍ ዕቁብ

መጽሐፍ ተወዷል። ወረቀቱ በመጣ ቁጥር ዋጋው ሌላ ነው። ስለዚህ ይህን ሞክሩ። አምስት ሰዎች ሁኑ። ከዝርዝሩ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ መጽሐፍ ግዙ። በየሁለት ወሩ በክብ አቀባበሉ፤ መስከረምና ጥቅምት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያ፣ ግንቦትና ሰኔ። ሰኔ መጨረሻ ላይ አምስታችሁም አምስቱን አንብባችኋል፣ የከፈላችሁት ግን የአንዱን ነው፣ መጽሐፋችሁም ወደ እጃችሁ ይመለሳል። ሐምሌና ነሐሴ ለየግላችሁ ለምትፈሩት መጽሐፍ ይቀራል።

ጥቂት ሕግ ያስፈልገዋል። ዕቁብ ነውና ዳኛ ይኑረው፤ ቀኑ ሲደርስ ደውሎ የሚጨቀጭቅ፣ ይሉኝታ የሌለው ሰው። ያልጨረሰም ሰው ቢሆን በቀኑ ያስረክባል፤ «ሦስት ቀን ብቻ ጨምሩልኝ» የሚባል ነገር ከተጀመረ ዕቁቡ ፈረሰ። እስክሪብቶ ክልክል ነው፣ እርሳስ ግን ይበረታታል፤ አራተኛው አንባቢ የሦስት ሰው መስመር እያየ ማንበቡ ራሱ ሌላ ደስታ ነው። የምትለዋወጡበት ቀን ማኪያቶ ይዛችሁ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ትልቅ ውይይት አይጠበቅም። «የቱ ጋ ተናደድክ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አንድ ሰዓት ያስወራል።

መጽሐፉን ከየት?

አሮጌ መጽሐፍ የሚወድ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ለገሃርንና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢን ያውቃል። የጎደላችሁን መጽሐፍ ስም ለአንድ አዟሪ ስልኩን ተቀብላችሁ ንገሩት፤ ከሳምንት በኋላ ከየት እንደሆነ ሳይነግራችሁ ያመጣዋል። ዋጋ ተከራከሩ፣ እሱም ይጠብቀዋል። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ገጾቹን ከዳር እስከ ዳር ፈትሹ፣ በአሮጌ መጽሐፍ ውስጥ መሃሉ የጎደለ አይጠፋም። መግዛት ካልቻላችሁ ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ አለ፤ አራት ኪሎ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ቤት ውስጥ ጸጥታ ለሌለው ሰው መቀመጫው ብቻውን ይጠቅማል። ውጭ አገር ያላችሁ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ሲገኝ ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን አንድ መጽሐፍ አስጨምሩ። ሁለት ካላችሁ በኪሎው ምክንያት ጸብ ይነሳል።

ቴሌግራም ላይ ስለሚዞረው ፒዲኤፍ ትጠይቁኛላችሁ። ከገበያ የጠፋ፣ በምንም የማይገኝ መጽሐፍ ከሆነ እረዳለሁ። ደራሲው በሕይወት ያለና መጽሐፉ መደብር ላይ የተደረደረ ከሆነ ግን ግዙት። አማርኛ እየጻፈ የሚኖር ሰው ድሮም አልተመቸውም።

የተነበበውን መያዝ

አንድ ደብተር፣ ለአንድ መጽሐፍ አንድ ገጽ። የጨረሳችሁበት ቀን፣ አንድ የወደዳችሁት ዐረፍተ ነገር ከነገጹ፣ ያልተስማማችሁበት አንድ ነገር፣ በቃ። ማጠቃለያ አትጻፉ፣ ፈተና አይደለም፣ አሰልቺም ነው። ያልተስማማችሁበትን መጻፍ ግን አትተዉ። ከወር በኋላ መጽሐፉን የሚያስታውሳችሁ እሱ ነው።

ወደ ኋላ ከቀራችሁ ደግሞ ሚያዝያ ላይ ቆማችሁ ዝርዝሩን አንድ ጊዜ አስተካክሉ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከቀሩት ውስጥ አንዱን ሰርዙ፣ የቀናችሁን ገጽ ግን አትጨምሩ። ያለፈውን ለማካካስ በቀን 30 ገጽ ያለ ሰው ሦስት ቀን ነው የሚቆየው። የሰረዛችሁት መጽሐፍ በሚቀጥለው ዓመት ዝርዝር ላይ የመጀመሪያው ይሁን። ጳጉሜም አለች፣ አምስት ቀን፣ አንዳንዴ ስድስት። ምንም አታስገቡባት፤ ነሐሴ 30 ላይ 40 ገጽ የቀረው መጽሐፍ ሁልጊዜ አይጠፋም።